አባቴ የመረጠው ድንጋይ

አባቴ ድንጋዩን እስኪመርጥ ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች። ጅረቱን ተከትሎ ወደ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ። አንዱን በጫማው ጫፍ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ሌላውን ዞረው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ጎማውን መታ መታ እያደረገ እንደሚዞረው ማለት ነው። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል፣ ባንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ አጠገብ ቆመና በግራ እጁ ጠቆመኝ።

«ይሄ።»

«ይሄማ ትልቅ ነው፣ አባባ።»

«ትንሹን ማንም ያነሳዋል» አለኝ።

ፍል ውሃው ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ በኩል፣ ከመኪና ወርደው በእግር በሚደረስበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለመታጠብ የመጣ ሕመምተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ድንጋይ መምረጥ ነው። ድንጋዩ ወረፋ ይይዝለታል። መታጠቢያው ኩሬ በአንድ ጊዜ ከሦስት ከአራት ሰው በላይ አይችልም። ሌላው ሰው ዛፍ ሥር ጋደም ሲል፣ ሲያወራ፣ ምሳውን ሲበላ ድንጋዩ በኩሬው ዳር ተሰልፎ ይጠብቅለታል። ፊተኛው ታጥቦ ሲወጣ ሁሉም ድንጋዩን ወደፊት ያስጠጋል፤ የወጣውም የራሱን አንስቶ ከሰልፉ ጭራ ያስቀምጣል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ጠጠርም ይበቃ ነበር። ግን ድንጋዩ የመዳኛ ምልክትም ነው። አንድ ሰው ዳነ የሚባለው ድንጋዩን ያለ ማንም እርዳታ አንስቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ላይኛውን ጉድጓድ በከበበው ካብ ላይ ሲያኖረው ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁት ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይመርጣሉ። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ጉልበቱን ለታመመ ሰው እንኳን ብዙ አይከብድም። አባቴም ይህንን ገና እንደደረስን ሰምቷል። ሰምቶም ነው መጁን የመረጠው።

አባቴ ሾፌር ነው። ከአምቦ ባኮ የሚመላለስ የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ባለቤትነቱ የሌላ ሰው ነው፤ አባቴ ግን «መኪናዬ» ነበር የሚለው፤ ማንም አርሞት አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቀኝ እጁ አብሮት አልነሳም። ሐኪሞቹ የነርቭ ነው አሉ፤ መድኃኒት ሰጡት፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እያደረግህ አሠራው አሉት። እሱ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ሲባል በሳፋ የሚቀርብ ነገር አልታየውም። አገር ያወቀው ፍል ውሃ እያለ! የመኪናው ባለቤት እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ሰጠው። ከፋሲካ በኋላ ግን እጁ ማርሽ ካልጨበጠ መኪናው ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። የዐቢይ ጾም ሲገባ ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ሽሮና አንድ ብረት ድስት ጠቅልለን ሄድን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን የሁለት ሰው ቤት ስለነበር የምንሰናበተው ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራዬ አስፈቅጄ ነበር የተከተልኩት።

ሸለቆው ውስጥ ምንጮቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ቤተሰብ ተደርድረዋል። ከታች ያለው ሆራ ነው፤ ጨው ጨው የሚል ቀዝቃዛ ውሃ፤ ከብቶች እየተነዱ መጥተው በየተራ ይጠጡታል። ከእሱ በላይ መታጠቢያው ኩሬ አለ፤ ጅረቱ ገብቶ ስለሚያቀዘቅዘው ሰው ይችለዋል። ከዚያ በላይ ያለችው አነስተኛ ጉድጓድ ማብሰያ ናት። ድንች በከረጢት አስረው ይሰዱባታል፤ ሲወጣ ልጣጩ ላይ ስስ ነጭ ጨው ይዞ ይወጣል። ከሁሉም በላይ፣ በካብ የታጠረው፣ ዘላዩ ነው።

ዘላዩ ውስጥ ማንም አይገባም። ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ የሚንተከተክ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ደርቆ እንደተሰነጣጠቀ ሊጥ ነጭ ነው፤ ክብሪት እንደተጫረበት ይሸታል። ከዚያ ድንገት ውሃው ወደ ውስጥ ይሸሻል። ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል። ከሥር የሆነ ነገር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተፋል፤ ከዚያ ይዘላል። አንዳንዴ የሰው ወገብ ድረስ፣ አንዳንዴ ከቆመ ሰው በላይ። መቼ እንደሚዘል የሚያውቅ የለም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚዘልበት ጊዜ አለ፤ ቀንና ሌሊት ሳይዘል የሚቀርበትም አለ። ሊዘል ሲያጉረመርም ወሬ ይቆማል፤ ሲወርድ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

አባቴ መጀመሪያ የሰማው ቀን ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ።

«ራዲያተሩ ክዳን የለውም» አለ። «ይሄ መኪና ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ ትቶኝ ይቀር ነበር።»

እዚያ ቦታ ስም አይጠየቅም። ሰው የሚጠራው ባመመው ነገር ነው። «ወገብ፣ ተራህ ደርሷል!» ይባላል። «ትከሻን አይታችኋል?» ይባላል። አባቴ በመጣ በማግስቱ «ኦቦ እጅ»፣ አቶ እጅ እንደማለት፣ ሆነ። ከእኛ ድንጋይ ቀጥሎ ድንጋያቸውን ያስቀመጡት ሴት ከካቺሲ የመጡ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ቅቤ ይሸጣሉ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ነው የመጡት። «አደ ጉልበት»፣ ወይዘሮ ጉልበት እንደማለት፣ ነበር የሚባሉት፤ ሲጠሯቸው «አቤት» ይላሉ፤ በስማቸው የተጠሩ ያህል።

ለእኔ ግን መጠሪያ አልተገኘልኝም።

«አንተስ ምንህን ነው?» አሉኝ አደ ጉልበት በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ደህና ነኝ። አባቴን ይዤ ነው።»

«ምንም የለህም?»

«ምንም።»

እንዳዘኑልኝ አየሁ። «እንግዲህ የእጅ ልጅ ነሃ» አሉ። የእጅ ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ጤነኛ ሆኖ ሕመምተኞች መሀል መክረም ከሰው እንዴት እንደሚያርቅ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ማታ ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሕመማቸው ሲያወሩ አንዱ የሌላውን ቃል ይጨርስለታል። ቁርጥማቱ ከየት እንደሚነሳ፣ ሌሊት በየት በኩል መተኛት እንደሚሻል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አጥንት ምን እንደሚል። እኔ የምለው የለኝም። ሰልፉ ውስጥ ድንጋይ የለኝም፤ ተራዬ ሆኖ አያውቅም። ኩሬው ውስጥ የገባሁት አባቴን ለመደገፍ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ሰዎቹ ሳይናገሩ ፈቀቅ ይሉልኛል፤ ቦታ የያዝኩባቸው ያህል ይሰማኛል።

ሥራዬ ድንጋዩ ነበር። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁሉም የራሱን በእግሩ ወይም በከዘራው ጫፍ ገፋ ያደርጋል። እኔ ብቻ ጎንበስ ብዬ መጁን በሁለት እጄ አቅፌ አነሳና አንድ እርምጃ ወደፊት አኖረዋለሁ። አባቴ ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ ከሰልፉ ራስ እስከ ጭራ እሸከመዋለሁ። ሸሚዜ ሆዱ ላይ ጥቁር ክብ ያዘ።

«ኦቦ እጅ» ይሉታል አደ ጉልበት፣ «ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ የመጡት? መሠረቱን እንግዲህ ጥለዋል።»

«ቆርቆሮውን ከካቺሲ ይዘውልኝ ይምጡ» ይላቸዋል አባቴ።

«እኔ ቅቤ ነው የምሸጠው። በቅቤ ቤት አይከደን።»

ሰው ይስቃል። አባቴም ይስቃል። ከእኔ ጋር ግን ብዙ አያወራም ነበር። ድሮም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ወሬ መኪና ላይ ነበር። ሕፃን ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው እሄድ ነበር፤ ሾፌሩ አጠገብ ያለው የሞተር ክዳን ላይ ጨርቅ አንጥፎ ያስቀምጠኛል። ከጉደር ወዲያ መንገዱ ነጻ ሲሆንና መኪናው ባዶውን ሲመለስ ማርሹን ለእኔ ይተውልኛል። እሱ ፍሪሲዮኑን ይረግጥና «ሁለት!» ይላል፤ በሁለት እጄ ጎትቼ አስገባለሁ። «ሦስት!» ይላል፤ እገፋለሁ። ከዚያ ሌላ የምንባባለው ነገር አልነበረም፤ የሚጎድልም ነገር አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ትንሽ ጊዜ ረዳቱ ሆኜ ሠራሁ፤ ተሳፋሪ እጠራለሁ እያልኩ የራሴን ስንኝ ስጠራ ይዞኝ «አንተ፣ ሰው ባኮ የሚሄድ መኪና ነው የሚፈልገው» አለኝ። ተውኩት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር እንኳን አልጠራልኝም።

ግጥም የሚያስተምረኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ተማሪዎች ኮፒ ሊያስደርጉ ካመጧቸው መጻሕፍት ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ እያነበብኩ ነው የለመድኩት፤ ስለዚህ የብዙ ነገር መሀሉን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም። ሸለቆው ውስጥ ድንጋይ ስሸከም ስንኝ ይመጣልኛል። የምነግረው ሰው የለም። አንድ ቀን አደ ጉልበት ሰምተውኝ ኖሮ «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ብቻህን ምን ታወራለህ?» አሉኝ። ግጥም ነው አልኳቸው። በል አሰማኝ አሉ። አሰማኋቸው። ስለ ዘላዩ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው ስለሚመጣ፣ ማንም ሳይሸኘው ስለሚመለስ ውሃ።

ከልባቸው ነው ያዳመጡኝ። ስጨርስ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ደግ ነው» አሉ። «ማን ሞቶብህ ነው?»

አባቴ ትንሽ ራቅ ብሎ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር። ነጠላው ሥር ዓይኑ ክፍት እንደነበር ከአተነፋፈሱ አውቃለሁ።

ተራው ሲደርስ ሸሚዙን አወልቅለታለሁ፤ ይዤው እገባለሁ፤ አንገቱ ድረስ ይጠልቃል። ቀኝ እጁ እዚያ ውስጥ ይከፈታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ ይታጠፋሉ፤ የሆነ ክብ ነገር ፈልገው የሚጨብጡ ይመስላሉ። ውሃው ውስጥ የማንም ደህና ሰው እጅ ነው። ሲወጣ ግን ነፋሱ እንደነካው ተመልሶ ይዘጋል።

«ውስጥ ይሠራል» ይለኛል። «ውጪ ሲወጣ ይጠፋል። ባትሪው እንደደከመ መኪና ነው። ካልገፉት አይነሳም።»

«ይነሳል» እለዋለሁ።

«እንገፋዋለን እንግዲህ።»

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሚኒባስ መጡ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው፤ አንዷ ሻሽ አስራለች፤ አንዱ የትግራይ አነጋገር አለው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲዳምኛ ያወራሉ። መምህራቸው ካቡ ላይ ቆሞ አስረዳቸው። እንዲህ ዓይነቱ በመጽሐፍ «ጋይሰር» ይባላል፤ ከታች ሙቀት አለ፤ ውሃው መውጫው ሲጠብበት ተጠራቅሞ ይፈነዳል። ስልካቸውን አውጥተው ደቀኑ። ዘላዩ ተንተከተከ። ቆዩ። ዘላዩ ተንተከተከ። አንዳንዶቹ ሰለቻቸውና ማብሰያዋ ጋ ድንች ሊያዩ ወረዱ።

ሻሽ ያሰረችው ልጅ ሰልፉን ስታይ ቆይታ ወደ እኔ መጣች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ትልቁ ድንጋይ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ድንጋይ እሸከማለሁ» አልኳት።

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ ነበራት። ስለ ድንጋዩ ልማድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ደግማ ጠየቀችኝ። እኩያዬ የሆነ ሰው ካነጋገረኝ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር! ስንኙን ልነግራት ስል፣ መጀመሪያውን ቃል ምላሴ ላይ አድርጌ፣ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። «ይቅርታ» አለችና ሮጠች። አቧራቸው ሳይወርድ ዘላዩ ውሃውን ወደ ውስጥ ሳበ፣ አጉረመረመና ከቆመ ሰው በላይ ዘለለ።

«ፈተና አይወድም» አለ አባቴ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ስልክ ለመደወል ከሸለቆው በላይ ያለውን ጉብታ መውጣት ያስፈልጋል። ኔትወርኩ እዚያም ሲመጣ ነው የሚመጣው፤ እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መዞር ነው። አባቴ በየሳምንቱ ይልከኛል። ባለመኪናው ክፉ ሰው አይደለም። «እጁ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ውሃው ላይ ነው፣ ጋሼ። ይታጠባል።»

«ይጨብጣል?»

«ውሃ ውስጥ ይጨብጣል።»

ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ቃሌ ቃል ነው። እስከ ፋሲካ ብያለሁ። ልጁ ግን ቁርጡን ንገሩኝ ይለኛል፤ ሌላ ሥራም መጥቶለታል።»

ልጁ የሚለው በአባቴ ምትክ የሚነዳውን ነው። ከእኔ በኋላ የአባቴ ረዳት የነበረ፣ መንዳት ከእሱ የተማረ ነው። ከጉብታው ስወርድ አባቴ ከሩቅ እርምጃዬን ያየዋል። ምን አሉ አይለኝም። «ፋሲካ መቼ ነው ያልከኝ?» ይለኛል፤ መቼ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ እያወቀ።

ሆሳዕና ሲደርስ ሰው መሳሳት ጀመረ። አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ድንጋዩን እያነሳ ወደ ካቡ ይወጣል፤ እልል ይባልለታል፤ ጓዙን ይዞ ይሄዳል። ወገብ ሄደ። ትከሻም ሄደ። ማታ እሳቱ ዙሪያ ቦታ በዛ። ጠዋት ጠዋት ውሾቹ ሞቃቱ አፈር ላይ ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ እንፋሎቱ በመሀላቸው ያልፋል፤ የሚያባርራቸው ሰው የለም። ሰልፉ ቀስ በቀስ አጥሮ ሁለት ድንጋይ ብቻ ቀረ፤ የአደ ጉልበት ጡጫ የምታህለውና የእኛ መጅ። አሁን የሚጠበቅ ተራ የለም። እኔ ግን እጄ ስለለመደ አባቴ ታጥቦ በወጣ ቁጥር መጁን አንስቼ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ወደ ኋላ ማለት የአንድ እርምጃ መንገድ ነበር።

ከስቅለት በፊት ባለው ቀን ጠዋት አባቴ ፊቱን ታጠበ፤ ጫማውን አጥብቄ እንዳስርለት ጠየቀኝ።

«ዛሬ አነሳዋለሁ» አለ።

አደ ጉልበት ነበሩ፤ ጓዝ ሊያነሱ የቀሩ ሁለት አስታማሚዎች ነበሩ፤ ከብት ሆራ ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችም ቆመው አዩ። አባቴ ተንበርከከ። ግራ እጁን ከድንጋዩ ሥር አስገባ። ቀኙን ከላይ፣ ጠፍጣፋው ጎን ላይ አኖረው። ቀና ሲል የግራ ክንዱ ጅማት ተገታተረ፤ አንገቱ ደም ሞላ፤ ድንጋዩ ከመሬት ተነሳና ሆዱ ላይ አረፈ። ቀኝ እጁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አብሮ ተነሳ። ልክ እንደ እንግዳ፤ በሰው መኪና እንደተሳፈረ።

እኔ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመድኩ። አደ ጉልበት ከዘራቸውን ዘርግተው ደረቴ ላይ አስቆሙኝ።

ዳገቱን ወጣ። ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አላስቀመጠውም። ካቡ ጋ ሲደርስ ሆዱን አስጠግቶ ድንጋዩን አንሸራተተውና ለቀቀው። ድንጋዩ በትናንሾቹ መሀል እንደ ሰንጋ ተኛ። ያን ጊዜ አደ ጉልበት እልል አሉ፤ አስታማሚዎቹ ተቀበሏቸው፤ ገበሬዎቹም «እሰይ! እሰይ!» አሉ። አባቴ ካቡን ተደግፎ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ አየ። ዘላዩ ተንተከተከ እንጂ አልዘለለም።

«እሱ አላመነኝም» አለ አባቴ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጓዛችንን ስጠቀልል አደ ጉልበት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዝቅ ባለ ድምፅ «በግራ እጁ ነው ያነሳው» አልኳቸው። ለአንድ ሰው ሳልናገረው መሄድ አልቻልኩም።

«እና?» አሉኝ።

«ቀኙ ምንም አልሠራም።»

«ዓይን አለኝ እኮ፣ ልጄ። ሁላችንም ዓይን አለን።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ያ ካብ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ እንዴት የወጣ ይመስልሃል? የእኔ ጉልበት ሲታጠፍ አይተሃል? ነገ እኔም አወጣታለሁ። ሰው ፋሲካን ቤቱ መዋል አለበት። ‹አልዳንኩም› ብሎ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ?»

ቀና ብዬ ካቡን አየሁት። ስንት ጊዜ አይቼው ነበር፤ የዳኑ ሰዎች የሠሩት ግንብ ነው ብዬ ስንኝ ሁሉ ገጥሜለታለሁ። አሁን እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር አንድ የታመመ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሌሎች እያዩት እንዳላዩ ሆነው ሲቆሙለት ታየኝ። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ያቆመው ካብ ነበር።

አደ ጉልበት አባቴን «ኦቦ እጅ፣ በሰላም ይግቡ» አሉት። እሱም በግራ እጁ ጨበጣቸው።

ዳገቱን ወጥተን ወደ መኪናው መንገድ ስንቃረብ ከኋላችን ሰማነው። ጉርምርምታው፣ ከዚያ ውሃው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ። አባቴ ቆመ።

«ዘለለ» አለ።

«ዘለለ» አልኩት።

ሁለታችንም ዞረን አላየንም።

አምቦ ስንገባ የበዓል ገበያ ነበር። መናኸሪያው በበግና በዶሮ ጩኸት ተሞልቷል፤ ረዳቶች አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሽንኩርት ይጭናሉ። ወደ ቤት እንሄዳለን ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን ጓዙን እንደተሸከምኩ ትቶኝ በቀጥታ ወደ ባኮው መኪና ሄደ። ልጁ በመስኮት አይቶት ዘሎ ወረደ፤ ጉልበቱን ሊስም አጎነበሰ፤ አባቴ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው።

«ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ! ዳኑ?»

«ድኛለሁ» አለ አባቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! መኪናው እርስዎን ሲጠብቅ ነው የከረመው፣ እኔን እኮ አይወደኝም፤ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል።»

«በሁለተኛ ትወጣበታለህ። ነግሬህ ነበር።»

ልጁ ሳቀና ከመንገድ ዞር አለለት። አባቴ በሾፌሩ በር ወጣ፤ ግራ እጁ እጀታውን ያዘ። መቀመጫው ላይ ተደላደለ። መስታወቱን ወደ ራሱ ቁመት አስተካከለው። ግራ እጁን በመሪው ላይ አሳልፎ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ፊቱን ግን ከዚያ በፊት እንዲያ አይቼው አላውቅም። ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው ብድግ አድርጎ የማርሹ እጀታ ላይ አኖረው።

እኔ በተሳፋሪው በር ገብቼ የሞተሩ ክዳን አጠገብ ቆሜ ነበር። ከማርሹ እስከ እጄ ያለው ርቀት የክንድ ያህል አይሆንም። እጁን አየሁት። ጣቶቹ እጀታው ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አልያዙትም። ትከሻው ሲገፋ እጁ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። እንደገና አነሳው። እንደገና ወደቀ።

«ሁለት» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ነበረች። ቢላት ኖሮ ጓዙን እዚያው ጥዬ በሁለት እጄ እጎትተው ነበር፤ መናኸሪያውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ዙር ብቻ፣ እንዞረው ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

ሞተሩን አጠፋው።

ትንሽ ተቀመጠ። መስታወቱን መልሶ ለልጁ ቁመት አስተካከለው። ቁልፉን በግራ እጁ ነቀለና ቀኝ መዳፉ ላይ አኖረው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈበት። ከዚያ ወረደ፤ ልጁ ፊት ቆመና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ግራ እጁ ከሥር የቀኙን ክርን ደግፎ ይዞ ነበር፤ ሰው ለሚያከብረው ሰው ሲሰጥ እንደሚያደርገው።

ልጁ ደነገጠ። ታናሽ ለታላቅ እንጂ ታላቅ ለታናሽ እንዲያ አይሰጥም። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ማን ነኝና!» አለ፤ ወገቡን ሰበረ፤ በሁለት እጁ ተቀበለ። በዙሪያው የቆሙት ረዳቶች አዩ። ሽንኩርት ጫኙም ከጣሪያው ላይ አየ። ትልቅ ሾፌር ተተኪውን እንዴት እንዳከበረ ነው ያዩት።

«ዳገት ላይ በሁለተኛ» አለው አባቴ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

በበጉና በዶሮው መሀል ወጥተን ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ሰዎች ሰላም አሉት፤ በአንገቱ መለሰላቸው። ከኋላው ስለነበርኩ ጀርባውን ነበር የማየው። በራችን እስክንደርስ ድረስ ግራ እጁን ከክርኑ ላይ አላነሳም።